ተቀጥላና ተግባር፦ የቤት መጠበቂያ ሾትጋን ለንድፍ ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ



የንድፍ መምህር ስለ ድልድይ፣ ስለ ውሃ ፓምፕ ወይም ስለ ሕክምና መሣሪያ ቢናገር ማንም አይገረምም። ስለ ጠመንጃ፣ ያውም አሜሪካውያን ለቤታቸው መጠበቂያ ስለሚያስቀምጡት ሾትጋንና በላዩ ላይ ስለሚታሰሩት ተቀጥላዎች ሲናገር ግን «ይህ ከኛ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ርዕሱን የመረጥሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልግለጽ።

በንድፍ ትምህርት «ቀላል ነገር ይሻላል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እንደግመዋለን። ነገር ግን ቀላልነት የሚለካው በምንድን ነው? በክፍሎች ብዛት ነው? በክብደት ነው? ወይስ በተጠቃሚው እጅና ሐሳብ ላይ በሚያርፈው ሸክም? ይህን ለመመርመር ስሕተቱ የማይመለስ፣ ተጠቃሚው ባለሙያ ያልሆነ፣ ጥቅም ላይ የሚውለውም በድንጋጤና በጨለማ የሆነ መሣሪያ ያስፈልገናል። የቤት መጠበቂያ ሾትጋን እነዚህን ሁሉ ያሟላል። ባለቤቱ ዕድሜውን በሙሉ ላይተኩስበት ይችላል፤ ከተኮሰ ግን የሚተኩሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ልቡ እየመታ፣ ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተው ሳለ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ጉዳይ መሆኑንም ከመነሻው ማስመር ይገባል። በአገራችን የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ አቀራረቡ ከአሜሪካው እጅግ የተለየ ነው። በአሜሪካ ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያና በሄለር መካከል በነበረው ክርክር፣ ዜጋ ቤቱን ለመጠበቅ መሣሪያ መያዙ የግለሰብ መብት መሆኑን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወስኗል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችን በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስ ወይም በሚኔሶታ የሚኖሩ ዘመዶች አሉን። ቤት የገዛ ወይም ሱቅ የከፈተ ወገናችን ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ደጁን ማንኳኳቱ አይቀርም። እንግዲህ ጉዳዩ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

አስቀድሞ መሣሪያውን እንወቅ። ሾትጋን ከሌላው ጠመንጃ የሚለየው በአንድ ተኩስ አንድ አረር ሳይሆን ብዙ የእርሳስ ፍሬዎችን መልቀቁ ነው። በስፋት የታወቀው 12 ጌጅ የሚባለው ነው። ስያሜው የመጣው አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢደረግ ከነዚያ አንዱ የበርሜሉን ውስጠኛ ስፋት ያክላል ከሚል ጥንታዊ ልኬት ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 18.5 ሚሊሜትር ይጠጋል። ለቤት መጠበቂያ የሚመረጠው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚቀባበለው ነው፤ ተኳሹ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ተንሸራታች መያዣ ወደ ኋላ ሲስብ ቀለሁ ይወጣል፣ ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870 ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ዋነኛ ተፎካካሪው ሞስበርግ 500 ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጣ ነው። ሁለቱም በአመዛኙ ለአዳኝ የተነደፉ ነበሩ። ርካሽ፣ ጠንካራና አነስተኛ ጥገና የሚጠይቁ በመሆናቸው ግን ከገጠር ጎጆ እስከ ከተማ መኝታ ቤት ተስፋፍተዋል።

በሂደት የተለወጠው የገዢው ዓላማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት መሣሪያ ካላቸው አሜሪካውያን ውስጥ ዋና ምክንያታችን ራስን መጠበቅ ነው ያሉት 26 በመቶ፣ አደን ነው ያሉት ደግሞ 49 በመቶ ነበሩ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2013 ሲጠይቅ ቁጥሩ ተገለበጠ፤ ራስን መጠበቅ 48፣ አደን 32 በመቶ ሆነ። በ2023 ጥያቄው በሌላ መልክ ቀርቦ ራስን መጠበቅ ትልቅ ምክንያታችን ነው ያሉት 72 በመቶ ደርሰዋል። አዳኝ በወቅቱ ደጋግሞ የሚተኩስ፣ የመሣሪያውን ጠባይ በልምድ የሚያውቅ ሰው ነው። ቤት ጠባቂው ግን መሣሪያውን ገዝቶ ያስቀምጠዋል። ሊለማመድበት ያልቻለውን ነገር ዕቃ በመጨመር ሊያካክሰው ይሞክራል። የተቀጥላ ገበያ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ተቀጥላዎቹ ምን ምን ናቸው? በሰውነቱ ጎን ላይ የሚታሰር የትርፍ ጥይት መደርደሪያ፣ በሰደፉ ላይ የሚጠለቅ የጥይት ኪስ፣ የተራዘመ የጥይት ቱቦ፣ ባትሪ መብራት፣ የሌዘር ጨረር፣ የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፣ የበርሜል ሙቀት መከለያ፣ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ መያዣ፣ ማንገቻ፣ ጥርስ ያለው የአፈሙዝ ጫፍ፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ ለመሸከም የሚያገለግል ሐዲድ።

የእያንዳንዱን የትውልድ ታሪክ ብንመረምር አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን፤ አብዛኞቹ በተወለዱበት ቦታ ትክክል ነበሩ። የሙቀት መከለያው የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ነው። የአሜሪካ ጦር በጆን ብራውኒንግ የተነደፈውን ዊንቸስተር 1897 አሳጥሮ ሳንጃ ሲሰካበት፣ የጋለ በርሜል የወታደሩን እጅ እንዳያቃጥል ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ አለበሰው። ያ መሣሪያ በምሽግ ውስጥ ያሳደረው ፍርሃት ቀላል ስላልነበረ የጀርመን መንግሥት በመስከረም ወር 1918 ይፋዊ ተቃውሞ እስከማሰማት ደርሷል። ጥርስ ያለው የአፈሙዝ ጫፍ ደግሞ የፖሊስና የጦር ልዩ ኃይሎች የተቆለፈ በር ሲሰብሩ አፈሙዙን በበሩ ላይ አስደግፈው ጋዙ በጎን እንዲወጣ የሠሩት ነው። ሐዲዱም ፒካቲኒ በተባለው የኒው ጀርዚ የጦር መሣሪያ ተቋም ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በ1995 የአሜሪካ ጦር መለኪያ ሆኖ የጸደቀው ወታደር እንደ ግዳጁ ዕቃ እንዲቀያይር ነው።

አሁን እያንዳንዱን ወደ መኝታ ቤት እናምጣው። ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ በርሜሉ እጅ እስኪያቃጥል አይግልም። የገዛ በሩን የሚሰብርበት ምክንያት የለውም። በየግዳጁ ዕቃ አይቀያይርም፤ ግዳጁ አንድ ነው፣ እሱም ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ፖሊስ እስኪደርስ መቆየት። ተቀጥላው ከተወለደበት ችግር ተነጥሎ መልኩ ብቻ ሲዛወር ይህን ነው የሚመስለው። በንድፍ ትምህርት ቅርጽ ከተግባር ሲለያይ ጌጥ ይሆናል እንላለን። ጌጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እዚህ ግን ጌጡ ዋጋ ያስከፍላል።

ሰው ለምን ይጨምራል? ሻጭ ስለሚያባብለው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ጋብሪኤል አዳምስ፣ ቤንጃሚን ኮንቨርስ፣ አንድሩ ሄልስና ላይዲ ክሎትስ፣ ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች አንድን ነገር አሻሽሉ ሲባሉ መጨመር ቶሎ ይታያቸዋል፤ መቀነስ የተሻለ መፍትሔ በሆነበት ጊዜ እንኳ ብዙዎቹ ሳያስቡት ያልፋሉ። የሚቀነሰውን አይተው የተዉት አይደለም፤ ከናካቴው ወደ ሐሳባቸው አልመጣም። ለዚህ ነው መቀነስ በተፈጥሮ የሚመጣ ሳይሆን ሆን ተብሎ የሚጠየቅ ጥያቄ መሆን ያለበት።

ወደ ዋጋው እንግባ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ስድስት ባለትልቅ ፍሬ ጥይቶች በጎን ሲደረደሩ ብቻ ወደ 300 ግራም ይጠጋሉ። መብራቱ፣ ሐዲዱ፣ ማነጣጠሪያው፣ የተራዘመው ቱቦ ከነጥይቱ ሲታከሉበት ኪሎ መድረስ አያዳግትም። ባዶውን 3.2 ኪሎ ገደማ የነበረው መሣሪያ ከ4 ኪሎ ያልፋል። የበለጠ የሚጎዳው ደግሞ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከፊት እጅ ወዲያ የተንጠለጠለ ግማሽ ኪሎ፣ ከሰደፉ አጠገብ ካለ ግማሽ ኪሎ ይልቅ ክንድን ያዝላል፤ አፈሙዙንም ለማዞርና ለማቆም ያስቸግራል። ቤተሰቡን ከኋላው አድርጎ ደቂቃዎችን በተጠንቀቅ ለሚቆም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ተቃራኒ ወገን የሚያነሣው ፍትሐዊ ክርክር አለ፤ ክብደት ርግጫን ይቀንሳል። እውነት ነው፤ እናስላው። የተለመደው ጥይት እያንዳንዳቸው 3.5 ግራም የሚመዝኑ 9 ፍሬዎችን በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ይለቃል። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ 3.2 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ትከሻን የሚመታበት ጉልበት 25 ጁል አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ብንጨምርበት ወደ 19 ጁል ይወርዳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ጠመንጃውን ሳንነካ፣ 8 ፍሬዎችን በ350 ሜትር በሰከንድ የሚለቅ ለስለስ ያለ ጥይት ብንመርጥ ጉልበቱ ወደ 15 ጁል ይወርዳል። በመጨመር የተገኘው ሩብ ያህል ቅናሽ ሲሆን፣ በመቀነስ የተገኘው 40 በመቶ ነው። ለስላሳው ጥይት በክፍል ውስጥ ባለ ርቀት የሚጎድለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህን ስሌት እቤታችሁ ደግማችሁ ሥሩት፤ የችግሩን ምንጭ መቀነስ የችግሩን ውጤት ከመሸከም እንደሚሻል በቁጥር ታያላችሁ።

ሁለተኛው ዋጋ የእጅ ልማድ መፋለስ ነው። ከዚህ በላይ ጥሩ ምሳሌ አላውቅም። የሞስበርግ 500 የደህንነት መቆለፊያ የተቀመጠው በሰውነቱ ጀርባ ላይ፣ ከሰደፉ አንገት ፊት ለፊት ነው። ቀኝም ሆነ ግራ ተጠቃሚ በአውራ ጣቱ ያለ ችግር ይደርስበታል፤ ከመሣሪያው የሚደነቁ የንድፍ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው። ባለቤቱ ቀጥ ያለውን ሰደፍ አውጥቶ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ መያዣ ሲያስገባ ግን እጁ ወደ ታች ይወርዳል፤ አውራ ጣቱ ከመቆለፊያው ይርቃል። አሁን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ጭብጡን መልቀቅ አለበት። መያዣው ለብቻው ሲታይ ምቹ ነው፤ መቆለፊያው ለብቻው ሲታይ ምቹ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። የአንድን ክፍል ጥራት ከሥርዓቱ ነጥሎ መመዘን የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ የአስተማማኝነት ነው። በሬሚንግተን 870 ላይ አንዳንዱ የጥይት መደርደሪያ የሚታሰረው የምላጩን ስብስብ የሚይዙትን ፒኖች አስወጥቶ በምትካቸው ረጃጅም ብሎኖችን በማስገባት ነው። ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ ግድግዳው ይጨነቅና ጠመንጃው አልቀባበል ይላል። ትርፍ ጥይት ለመሸከም ሲባል የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች እንዳይተኮሱ ተደረገ ማለት ነው። መደርደሪያው ከረዘመም ተንሸራታቹን መያዣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ሊከለክለው ይችላል። እጅ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ተንሸራታቹን እስከ መጨረሻው አለመሳብ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ የታወቀ ስሕተት ነው፤ ተቀጥላው ስሕተቱን ያግዘዋል።

እዚህ ላይ ግን ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በክፍል ውስጥ ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 99 በመቶ አስተማማኝ ቢሆኑና በተከታታይ ቢቆሙ ጠቅላላው 94 በመቶ ይሆናል ብለን ተምረናል። ይህን ቀመር ይዞ «ተቀጥላ ሁሉ አስተማማኝነትን ይቀንሳል» ማለት ስሕተት ነው። ቀመሩ የሚሠራው የአንዱ መበላሸት የጠቅላላውን ሥራ በሚያቆምበት ጊዜ ብቻ ነው። መብራቱ የባትሪ ድንጋይ ቢጨርስ ጠመንጃው መተኮሱን አይተውም። የተቀጥላው ብሎን አሠራሩን ሲያንቅ ግን ይተዋል። ስለዚህ የምንጠይቀው «ስንት ተቀጥላ አለ?» ብለን ሳይሆን «ይህ ሲበላሽ ምን አብሮት ይበላሻል?» ብለን ነው።

አራተኛው ዋጋ የሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊልያም ሂክ በ1952 ባሳተመው ሥራ፣ የአማራጮች ብዛት ሲጨምር ሰው ለመምረጥ የሚወስድበት ጊዜ በሎጋሪዝም መጠን እንደሚያድግ አሳይቷል። ይህ ግኝት በመሣሪያ አሠልጣኞች ዘንድ አዘውትሮ ይጠቀሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአቅሙ በላይ ይጎተታል። ሂክ የለካው መብራት አይቶ ቁልፍ መጫንን ነው፤ በልምምድ ብዛት ልዩነቱ እየጠበበ እንደሚሄድም ይታወቃል። እንግዲህ ትክክለኛው ትምህርት፣ ብዙ የሠለጠነ ፖሊስ አምስት ቁልፎችን ሊሸከም ይችላል፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይተኩስ የቤት አባወራ ግን አንዱንም ይበዛበታል የሚል ነው። ይኸው መሣሪያ፣ ይኸው ተቀጥላ በተጠቃሚው ልምምድ መጠን ቀላል ወይም ውስብስብ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይቅር? «ሁሉንም ንቀሉ» ማለት ንድፍ አይደለም፤ ስንፍና ነው። እኔ እንደምመዝነው ሦስት ነገሮች ቦታቸውን ያገኛሉ።

አንደኛው ለተጠቃሚው ቁመት የሚስማማ ሰደፍ ነው። ከምላጭ እስከ ሰደፍ ጫፍ ያለው የተለመደው ርዝመት 35 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የታሰበውም ለረጅም ወንድ አዳኝ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው ሴት ወይም አጠር ያለ ሰው ሲይዘው ክንድ ይዘረጋል፣ ወገብ ወደ ኋላ ያዘነብላል። 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ማሳጠር ምንም ሳይታከልበት መሣሪያውን ያስተካክለዋል። ጠቅላላ ርዝመቱ አንድ ሜትር ለሚጠጋ ዕቃ፣ ወርዱ 76 ወይም 81 ሴንቲሜትር በሆነ የአሜሪካ የመኝታ ቤት በር ለሚያልፍ ሰው፣ የተቀነሰው እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ይቆጠራል። ከበርሜሉ ግን እንደ ልብ መቀነስ አይቻልም፤ በ1934 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ከ18 ኢንች፣ ማለትም ከ46 ሴንቲሜትር ገደማ በታች የሆነውን በልዩ ምዝገባ ሥር አስገብቶታል።

ሁለተኛው በጨለማ የሚታይ ቀላል ማነጣጠሪያ ነው። «ሾትጋን ፍሬውን ስለሚበትን ማነጣጠር አያሻውም» የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። እንደ በርሜሉና እንደ ጥይቱ ቢለያይም፣ በአምስት ሜትር ርቀት ፍሬዎቹ የሚያርፉበት ስፋት ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ዒላማውን የሳቱት ደግሞ ከአንድ በላይ የጂፕሰም ግድግዳ በስተው የማለፍ ኃይል አላቸው። በአሜሪካ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የልጅ አልጋ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መብራት ነው፤ የንግግሬም አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። በጨለማ ማን እንደቆመ ሳያውቁ መተኮስ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ስለሆነ መብራት ከተቀጥላዎች ሁሉ ቅድሚያ ይገባዋል። ተንሸራታቹ ሁለት እጅ ስለሚጠይቅ የእጅ ባትሪ ይዞ መተኮስም አዳጋች ነው። ይሁንና በጠመንጃ ላይ የታሰረ መብራት የሚያበራው አፈሙዙ ወደ ዞረበት ነው። ለማየት ማነጣጠር ግድ ይሆናል። ማን መሆኑን ለማወቅ የበራበት ሰው ከትምህርት ቤት በድንገት የተመለሰ ልጅ ቢሆንስ? ተጠቃሚው ጥያቄ እየጠየቀ ሳለ መሣሪያው መልስ ሰጥቷል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ሌላ ተቀጥላ አይደለም፤ ከመሣሪያው ውጭ ማየት ነው። ብርሃኑን ወደ ወለሉ ወይም ወደ ጣሪያው በመልቀቅ ነጸብራቁ ክፍሉን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ከዚያም የሚቀለው የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ፣ የበረንዳው አምፖልና «ማነህ?» ብሎ መጣራት ነው። የቤቱ ኮሪደር ላይ የተሰቀለ አንድ አምፖል በጠመንጃ ላይ የታሰረውን ውድ መብራት ሥራ ያለ አንዳች አደጋ ይሠራል።

መብራትም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። በጥቅምት 1992 በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ፣ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ወደ ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳስቶ የሰው ደጅ አንኳኳ። የቤቱ ባለቤት ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ «ቁም» አለው፤ ልጁ የቃሉን ትርጉም አልተረዳም፤ ተገደለ። ባለቤቱ በወንጀል ችሎት ነጻ ቢወጣም በፍትሐ ብሔር ካሳ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። በዚያ ምሽት የጎደለው የመሣሪያ ክፍል አልነበረም። ሁለቱ ተያይተዋል፤ ያልተግባቡት ግን በቋንቋና በሐሳብ ነው። በሩ ዘግቶ ቢቆይ፣ ፖሊስ ተጠርቶ ቢሆን ልጁ ወደ ግብዣው ይደርስ ነበር። የእንግዳ ልጅ፣ ቋንቋውን ገና ያልለመደ፣ ቤት የተሳሳተ፤ ይህ የኛም የስደተኛ ልጆች ታሪክ ሊሆን የሚችል ነው።

የንድፍ ወሰን የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በተግባር ላይ የሚውለው ምናልባት ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ግን ለ30 ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይጣላል፣ ሰው ያዝናል። አርተር ኬለርማንና ባልደረቦቹ በ1993 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያ በሚገኝበት ቤት የግድያ አደጋ 2.7 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ መንስኤን ከተዛምዶ ለመለየት ያለው አቅም ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። በ2005 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው የዴቪድ ግሮስማንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ፣ መሣሪያን ቆልፎ፣ ጥይቱን አውጥቶ፣ ጥይቱንም ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ጉዳትና ራስን ማጥፋት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ቆልፎ ማስቀመጥና ፈጥኖ ማንሣት ይጋጫሉ። የሄለር ክርክር ራሱ ከነካቸው ነገሮች አንዱ፣ መሣሪያው በቤት ውስጥ እንዲቆለፍ ወይም እንዲፈታ ያስገድድ የነበረው ድንጋጌ ነበር። ሕጉ ግዴታውን ቢያነሣም ጥያቄው ከቤቱ አልወጣም። እኔ ለተቀጥላ የሚወጣው ገንዘብ በሙሉ በቅድሚያ በፍጥነት ለሚከፈት ጠንካራ መቆለፊያ ሣጥንና ለሥልጠና ይዋል የምለው ለዚህ ነው። ሣጥኑ በየሌሊቱ ይሠራል፤ ሌዘሩ ግን ምናልባት አንድም ቀን አይሠራ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ በመቀነስ መንገድ እስከ መጨረሻው ብንሄድ ጠመንጃውስ ራሱ አይቀነስም? ይህ ከንድፍ ጥያቄ ውጭ አይደለም። ጠንካራ የበር ማጠፊያ፣ የደጅ መብራት፣ የሚጮህ ውሻና የተቀመጠ ስልክ የሚበቃው ቤት አለ፤ በተለይም ጭንቀት ያደረበት ሰው ወይም ነገር የማያስተውል ሕፃን ባለበት ቤት መቀነሱ ከሁሉ የተሻለ ንድፍ ይሆናል። ፖሊስ ለመድረስ ረጅም ጊዜ በሚወስድበት ገጠር የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ መልስ ሊደርስ ይችላል። ባለሙያው መልሱን ለሌላው አይወስንም፤ ጥያቄው ግን ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ ማድረግ የባለሙያው ግዴታ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በሆስፒታል የምትሠሩት የኦክስጅን መቆጣጠሪያ፣ በፋብሪካ የምትተክሉት የድንገተኛ ማቆሚያ፣ በትምህርት ቤት የምትሰቅሉት የእሳት ማጥፊያ እንደዚህ መሣሪያ ናቸው፤ ለዓመታት ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ አንድ ቀን በሚንቀጠቀጥ እጅ ይያዛሉ። ሥራ አስኪያጁ «አንድ ቁልፍ ጨምርበት፣ ስክሪን አድርግበት» ይላችኋል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ የሚጨመረው ነገር የተወለደበት ችግር እዚህ አለ ወይ? ሲበላሽ ምን ይዞ ይወድቃል? ያላሠለጠንነው፣ የፈራው፣ በጨለማ የቆመው ሰው እጁን ሲዘረጋ ያገኘዋል ወይ? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያለው ይቅር፤ እንደ መብራቱ ጥቅሙ ከነአደጋው የመጣው ደግሞ አደጋው ከመሣሪያው ውጭ መላ ይፈለግለት። የቀረው ይነቀል።